ሲሬ ላይ ያልተናገርኩት

በ2016 ዓ.ም. ክረምቱ ገና ሲገባ፣ ሰኔ ሲጋመስ ነው ይህ የሆነው። ነቀምቴ ላይ ሰኔ ከገባ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ሦስት ቀን ውሎ እርጥብ እንደሆነ ይነሳል። ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ይዝጋል። የበር ማጠፊያው፣ የጣራው ሚስማር፣ የባልዲው ቂጥ። መኪናም እንዲሁ።

ያን ጊዜ የአርባ ስድስት ዓመት ሴት፣ የሦስት ልጆች እናት ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጄ ቶሌራ ስለሚባል በሰፈራችን በበከኒሳ ቀሴ ያለው ጎረቤት ሁሉ ሃዳ ቶሌራ ይለኛል፤ የቶሌራ እናት ማለት ነው። ባሌም አባ ቶሌራ ነው። አባቴ ከሸዋ መጥቶ እዚሁ የቀረ አስተማሪ ስለነበር አማርኛን ከቤት፣ ኦሮምኛን ከደጅ ተምሬ አደግኩ። ሁለቱንም እችላለሁ፤ በሁለቱም ግን ብዙ አልናገርም። የጸሎት ጓደኛዬ ጫልቱ በዚህ ትስቅብኝ ነበር። "አንቺ ቃል እንደ ስኳር በቀበሌ ወረፋ ነው እንዴ የሚታደልሽ?" ትለኛለች። እሷ ከእኔ በአሥር ዓመት ታንሳለች፤ ሁሉን ነገር ትናገራለች።

ባሌ ሚኒባስ ነበረው። ስንገዛው ሦስት ሰው ነድቶት የጣለው፣ ርካሽ መኪና ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አበላን። ልጆቼ የተማሩት በሱ ነው፤ ይህን ዛሬም አልክድም፤ አምላኬን አመሰግናለሁ። ዝገቱ የጀመረው ከበሩ ግርጌ ነው። መጀመሪያ ከቀለሙ ስር እንደ ብጉር ያብጣል፤ በጣት ሲጫኑት ይፈርሳል፤ ከውስጡ ቡናማ ዱቄት ይወርዳል። አባ ቶሌራ በየክረምቱ በሽቦ ብሩሽ እየፋቀ ቀይ የዝገት መከላከያ ይቀባዋል። ዝገት ግን ከሚታይበት ቦታ አይደለም የሚበላው። ከስር ነው።

በዚያ ዓመት ከፋሲካ በፊት የባሌ ወገብ ታመመ፤ ሐኪም መንዳት ከለከለው። መኪናው ግቢያችን ውስጥ ሁለት ወር ቆመ። ከዚያ ጋራዥ ገብቶ በሁለት ሳምንቱ ወጣ። አላወቅኩትም። ነጭ ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ወለሉ ላይ አዲስ የፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። እጄን በጎኑ ላይ አሳለፍኩት፤ እንደ ሰሃን ለስላሳ ነው። "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ።

አባ ቶሌራ ፈገግ አለ። "ታዲያ ለእኔ ብቻ ነው የምትነግሪው?" አለኝ። "እዚህ መኪና ላይ የተደረገልንን ሁሉ ዝም ልትይው ነው? እሁድ ቁሚና ተናገሪ እንጂ።"

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከስብከት በፊት የምስክርነት ጊዜ አለ። በሕይወቴ የቆምኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ አንዱ ቶሌራ ከወባ የተረፈ ጊዜ፣ ሁለተኛው እናቴ ያረፈች ጊዜ። በዚያ እሁድ ሦስተኛዬን ቆምኩ። "አሥራ አንድ ዓመት በዚህ መኪና ሠርተን በላን። አንድ ቀን መንገድ ላይ አልጣለንም። አንድ ሰው አልጎዳንም። ያደረገው እግዚአብሔር ነው፤ ስሙ ይመስገን" አልኩና ተቀመጥኩ። ሕዝቡ "ሃሌ ሉያ" አለ። ዝምተኛ ሰው ሲናገር ይሰማል።

በሚቀጥለው ረቡዕ የጫልቱ ባል ዋቅጅራ መኪናውን ገዛው። እሱ ባጃጅ ነጂ ነበር፤ ከሦስት እግር ወደ አራት እግር ማደግ ምኞቱ ነው። ባልንጀሮቹ "መካኒክ ይዘህ ሂድና ከስሩ ገብቶ ይየው" ሲሉት፣ "ሃዳ ቶሌራ በእግዚአብሔር ፊት ቆማ የመሰከረችለትን መኪና በመካኒክ ላስመረምር? ነውር አይደለም?" ብሎ መለሰላቸው። ይህን የነገረችኝ ጫልቱ ናት፤ ደስ እያላት፣ ያከበረኝ መስሏት። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ዝናቡ ያካፋል፣ በራችን ተንኳኳ። ኦላና ነው። ኦላና ባትላሜራ ነው፤ የመኪና አካል የሚቀጠቅጥ፣ የሚጠግን፤ የእኛንም የሠራው እሱ ነው። ራሱን ከዝናቡ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኗል።

"አካም ቡልተን፣ ሃዳ ቶሌራ። አባ ቶሌራ አሉ?"

"ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ነገ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሚመረጥበት ቀን ነው፤ እሳቸውም ስለታጩ ስብሰባ አላቸው። ግባ፣ ዝናብ አይምታህ።"

አልገባም። "ስልካቸው ዝግ ነው" አለ። "ያንን መኪና አሁን መናኸሪያው አጠገብ አየሁት። ሰው ጭኗል። ሴቶች፣ አሮጊት ሳይቀር።"

"ዋቅጅራ ነው። አኖ ከተማ ለቅሶ አለባቸው፤ አክስቱ አርፋለች።"

ኦላና ከረጢቱን ከራሱ አወረደ። "ማሎ፣ ሃዳ ቶሌራ፣ እባክዎ፤ ሰው ይጫንበታል አልተባልኩም እኔ።"

"ምን ማለትህ ነው?"

ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ሥራ ሲጀምር ያነሳው ነው። መጀመሪያ ምን እንደማይ አልገባኝም። የኋላው ወንበር ተነቅሎ ቆሟል፤ ወንበሩ የነበረበት ቦታ ላይ ወለል የለም። ዳር ዳሩ እንደ ተቃጠለ ወረቀት የተበላ ብረት ነው፤ በቀዳዳው ውስጥ በዘይት የጠቆረ የጋራዥ መሬት ይታያል፤ የኦላናም ጫማ ይታያል።

"ለምን አልበየድከውም?"

"የሚበየድበት ብረት የታለና? እሳት ሳስጠጋው ይቀደዳል። ለአባ ቶሌራ ነገርኳቸው፤ ወለሉ በሙሉ ተቆርጦ መቀየር አለበት አልኳቸው። 'ለመለዋወጫ የሚፈልገው ሰው አለ፤ አንተ መልክ ብቻ ስጠው' አሉኝ። ስስ ላሜራ ደረብኩ፤ በሪቬት ሚስማር ያዝኩት፤ ቀዳዳውን እንደ ጭቃ በሚለሰን ስቱኮ ሞላሁ። ምንጣፉን ራሳቸው ናቸው ያነጠፉት።"

"ወንበሩስ?"

"በግራ በኩል ደህና ብረት ይዟል። በቀኝ በኩል ያለው ብሎን…" ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ። "ስቱኮ ላይ ነው ያለው። እውነቱ ይሄ ነው።"

ጫልቱ ጋ ደወልኩ፤ ጥሪ አይቀበልም። ዋቅጅራ ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። በዝናብ የሚነዳ ሰው ስልክ አያነሳም፤ ባሌም እንዲህ ነበር። ወደ አኖ በሚወስደው መንገድ፣ ሲሬ ላይ የዋቅጅራን አጎት ሊጭኑ እንደሚቆሙ ጫልቱ ትናንት ነግራኝ ነበር። ነጠላዬን ለበስኩ። ኦላናን "ሂድና አባ ቶሌራን ፈልግልኝ" አልኩት። ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

በሲሬ አልፎ ለባኮ የሚጭን ሚኒባስ አንድ ሰው ጎድሎት አገኘሁ። ይህንም አመሰገንኩ። መንገዱን ሁሉ ከፊታችን ያለውን አስፋልት አያለሁ። በየመታጠፊያው የተሰበሰበ ሰው የማይ ይመስለኛል። ሰው የለም። ከብት ነው፣ ዝናብ ነው፣ በቆሎ ነው።

ግማሽ መንገድ ላይ ባሌ ደወለ።

"የት ነሽ?"

"ወደ ሲሬ።"

"ኦላና ቀባጥሯል አሉ። ስሚኝ፤ ሃዳ ቶሌራ፣ ስሚኝ ብቻ። ምንም አትበያቸው። ሰኞ መኪናውን እኔ ራሴ እቀበለዋለሁ። አንድ ነገር ተበላሽቷል ብዬ ወለሉን አስቀይራለሁ። ማንም ሳያውቅ ያልቃል።"

"ዛሬ ነው የሚሄዱት።"

"ከሲሬ አኖ ምን ያህል መንገድ ነው? አንድ ትንፋሽ አይደለም? ካልሆነም አስቀሪያቸው፤ ዝናቡ በዝቷል በያቸው፤ አንቺ ምክንያት አታጪም። ብቻ ስሜን አታንሺ። ነገ ምርጫ ነው። የሃያ ዓመት ስሜ ነው።"

"ምስክርነቱን ያስነገርከኝ ለዚህ ነው?" አልኩት።

ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። አልተቋረጠም። ሲተነፍስ ይሰማኛል።

ሲሬ ስደርስ ነጩ መኪና ከአንድ ሻይ ቤት ፊት ቆሞ ነበር። ሰዎቹ በረንዳው ስር ተጠልለው ሻይ ይጠጣሉ፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ጫልቱ ስታየኝ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ሮጣ አቀፈችኝ።

"ሃዳ ቶሌራ! ለለቅሶአችን ብለሽ በዝናብ? ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ! እናንተ፣ አያችሁ? ሰው ማለት እንዲህ ነው። ብትነግሪን ኖሮ አብረን አንመጣም ነበር?"

"ዝምተኛ ሰው አይናገርም፤ ያደርጋል" አለ ዋቅጅራ። "ይምጡ ሻይ ይጠጡ። መኪናውን አዩት? ከነቀምቴ እስከዚህ አንዴም አልተነፈሰብኝም። እርስዎ የመሰከሩለት መኪና እኮ ነው!"

ሁሉም ሳቁ። የዋቅጅራ እናት፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አሮጊት፣ እጄን ይዘው ሳሙኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ያን ጊዜ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ወለሉ በስብሷል። ይኸው ነው። ምላሴ ላይ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ታየኝ፤ ማን ሸፈነው? ማን ሸጠው? ነገ ማን ሊመረጥ ነው? አሮጊቷ እጄን ገና አልለቀቁም።

"ዛሬ ባትሄዱስ" አልኩ።

ዋቅጅራ ግራ ገባው። "ቀብሩ እኮ ስምንት ሰዓት ነው።"

"ልቤ ከብዶኛል። ስለዚህ መንገድ ልቤ ከብዶኛል።"

ውሸት አልነበረም። ልቤ ከብዶ ነበር። እኔ የፈለግኩት እንዲፈሩ ነው። ነገር ግን የእኛን ሰው ያየ ያውቃል፤ አንድ አማኝ "ልቤ ከበደኝ" ካለ ፍርሃት አይደለም የሚከተለው። ጸሎት ነው። ጫልቱ ወዲያው ነጠላዋን አስተካከለች።

"ሸክም ነው የመጣባት" አለች። "እግዚአብሔር ሊያስጸልየን ነው የላካት። ኑ፣ ሳንጸልይ አንነሳም።"

በረንዳው ላይ ክብ ሠርተን ቆምን። ሻይ ቤቱ ሬዲዮውን ቀነሰልን። የዋቅጅራ እናት በኦሮምኛ ጸለዩ፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ነጂው ዓይን፣ ማስጠንቀቂያ ይዤ ስለመጣሁት ስለ እኔም ጸለዩ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ "አሜን" አልኩ። ያ አሜን እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ውስጥ አለ።

ሲጨርሱ ጫልቱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። "ሰላም ተሰማኝ" አለች። ዋቅጅራም "እኔም" አለ። አጎትየውም "ሰላም ነው" አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺስ?" አለችኝ ጫልቱ።

ምንም አላልኩም። እንደ ልማዴ ነው የወሰዱት። ተነሱ።

ልተዋቸው አልቻልኩም። ልነግራቸውም አልቻልኩም። አብሬ ገባሁ። ቢያንስ በመጥፎው ቦታ ላይ እኔ ልቀመጥ ብዬ ወደ ኋላው ወንበር ሄድኩና ቀኙን ጥግ ያዝኩ። ጫልቱ ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ።

"እዚያ አይሆንም! በመስኮቱ ዝናብ ይገባል። ታላቄ ነሽ፣ አንቺን ዳር አስቀምጬ እኔ ደረቅ ቦታ ልቀመጥ?"

"ግዴለም ጫልቱ፣ እዚህ ልሁን።"

"ሂንታኡ! አይሆንም ብያለሁ።"

"እባክሽ" አልኳት።

"እባክሽን ለጌታ አቆይው" ብላ ሳቀች። ገፍታ ወደ መሃል አስገባችኝና ቀኙ ጥግ ላይ ተቀመጠች። አክብራኝ ነው። በእኛ አገር ለታላቅ የሚሻለው ቦታ ይለቀቃል፤ ከዚህ በላይ ብጫን ለምን ብላ ትጠይቀኛለች። ለምን እንድትለኝ አልፈለግኩም።

ከሲሬ ወጣን። ዝናቡ ቀነሰ። ጫልቱ እግሯን ምንጣፉ ላይ ዘርግታ መዝሙር ታንጎራጉራለች። እኔ ዓይኔን ከምንጣፉ አልነቀልኩም። መኪናው ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር ከስራችን ደረቅ ቅጠል የሚረገጥ ዓይነት ድምፅ ይሰማኛል። ትንሽ እንደሄድን ቁርጭምጭሚቴን ነፋስ ነካኝ። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ ነፋስ። ምንጣፉ ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ። ተመልሶ ከፍ አለ። የሚተነፍስ ይመስል ነበር።

"ጫልቱ፣ እግርሽን አንሺ" አልኳት።

"ምነው?"

"አንሺው!"

ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም። "ዋቅጅራ አቁም!" ብዬ ጮኽኩ። "ወለሉ በስብሷል! ዝገት በልቶታል፤ በስቱኮ ነው የተሸፈነው፤ አቁም!"

በሕይወቴ ጮኼ አላውቅም። ዋቅጅራ ደነገጠና ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠው።

ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን። ወንበሩ በቀኝ በኩል ተነቀለ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ጨርቅ እንደሚቀደድ ነው። ወንበሩ ዘመመ፤ ጫልቱ ወደ ጥጉ ተንሸራተተች፤ ምንጣፉ ከነእግሯ ወደ ታች ሄደ። እስከ ጉልበቷ። መኪናው ገና አልቆመም ነበር። አስፋልቱ ከስር እየሄደ ነበር።

በብብቷ ይዤ ጎተትኩ። የላሜራው ጫፍ እንደ ምላጭ ነው። ስጎትታት ትጮኻለች፤ ስተዋት ትጮኻለች። መኪናው ሲቆም ወንዶቹ ከስር ገብተው ብረቱን በእጃቸው ገነጠሉት። እንደ ቂጣ ነው የተገነጠለው። ለአንድ ሰው እጅ እንኳ የማይከብድ ብረት ላይ ዘጠኝ ሰው ተቀምጦ ነበር።

ወደ ነቀምቴ የሚመለስ የጭነት መኪና ሲሬ ጤና ጣቢያ አደረሰን፤ ከዚያ በአምቡላንስ ወደ ነቀምቴ። ጭንቅላቷን ታፋዬ ላይ አድርጌ ያዝኩ። ዋቅጅራ አብሮን አልመጣም፤ የትራፊክ ፖሊስ ደርሶ እዚያው አስቀርቶታል። ነጂው እሱ ነበርና።

ሐኪሞቹ ሁለት የእግር ጣቶቿን ማትረፍ አልቻሉም። ተረከዟም ተሰብሯል። ሕይወቷ ግን ተርፏል። ለዚህ በየቀኑ አመሰግናለሁ፤ ከምግብ በፊት ሳይሆን ከእንቅልፍ እንደነቃሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቀዶ ጥገናው ወጥታ ነቃች። ከአልጋዋ አጠገብ ነበርኩ። ብዙ ጊዜ ጣራውን አየች።

"ሲሬ የመጣሽው ለለቅሶው አይደለም" አለች።

"አይደለም።"

"ታውቂ ነበር።"

"አዎ።"

ዝም አለች። ጫልቱን ዝም ስትል አይቻት አላውቅም ነበር። ከዚያ ጭንቅላቷን ወደ እኔ አዞረች።

"ታዲያ ለምን ጸሎት አስደረግሽን?"

ብርድ ልብሷን ላስተካክል ጎንበስ አልኩ።

"ወለሉ በስብሷል" አለች። "ሁለት ቃል ነው እኮ፣ ሃዳ ቶሌራ። ሁለት ቃል።" ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ከሆስፒታሉ በር ላይ ባሌ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ስለ እግሯ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እጆቹን አጣመረ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልሞተም" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ፖሊስ አናገረሽ?" አለኝ።

"አላናገረኝም።"

"ደህና" አለ።

ሁለታችንም በዚያ መኪና ምክንያት "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለናል። ቃሉ አንድ ነው። የእሱን ስሰማ የእኔም መረረኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ ጥቂት ተናጋሪ የሆናችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዝምታዬን እንደ ጸጋ ቆጥሬው ኖሬያለሁ። አላማም፣ አልሳደብም፣ አልዋሽም። ሲሬ ላይም አንዲት ውሸት አልተናገርኩም። ልቤ ከብዶኛል ያልኩት እውነት ነው። ምስክርነቴም እውነት ነው፤ መኪናው ጥሎን አያውቅም ነበር። ኦላና ቀዳዳውን በስቱኮ ሞላ፤ ባሌ ምንጣፍ አነጠፈበት፤ እኔ ደግሞ ምስጋናና ጸሎት ደረብኩበት። ከሁሉ ጠንክሮ የያዘው የእኔ ነው። ዋቅጅራ ስቱኮውን በመዶሻ ቢመታው ኖሮ ይፈርስለት ነበር፤ የእኔን ግን ማንም በመዶሻ አይመታውም።

እግዚአብሔር የተሰወረውን እንዲገልጥ ከመለመናችን በፊት እኛ የምናውቀውን እንናገር። እሱ የማያውቀውን አንነግረውም፤ አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ግን አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ምክንያቱን እያወቅኩ "ልቤ ከበደኝ" ብዬ አላውቅም።

ጫልቱ አሁን ትሄዳለች፤ ታነክሳለች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች። ቤቴ አትመጣም። ማክሰኞ ማክሰኞ አብረን የምንጸልይበት ሰዓት ሲደርስ ብቻዬን እንበረከካለሁ፤ አልወቅሳትም። በባሌ ላይ የደረሰውን እዚህ አልጽፍም፤ እሱ ይናገረው።

የአደጋው ማግስት እሁድ ነበር። ጠዋት ስነሳ አባ ቶሌራ ሱፉን ለብሶ ጫማውን ይወለውላል።

"አትለብሺም?" አለኝ።

"ቤተ ክርስቲያን አልሄድም። ትራፊክ ፖሊስ ጋ ነው የምሄደው። ዋቅጅራ ታስሮ አድሯል።"

ጫማውን እጁ ላይ እንዳደረገ ቀረ። "ምን ልትያቸው?"

"የሆነውን።"

"እኔን?"

"የሆነውን ሁሉ" አልኩት። ከኋላዬ ስሜን ጠራ፤ ሃዳ ቶሌራ ብሎ አይደለም፣ አባቴ ባወጣልኝ ስም፤ ለዓመታት ጠርቶኝ በማያውቀው። አልዞርኩም። ብዞር አልሄድም ነበር።

ተረኛው ፖሊስ ወጣት ነው። ወንበር ሰጠኝ። ከምስክርነቱ እሁድ ጀምሬ ነገርኩት፤ ኦላና ያሳየኝን ፎቶ፣ የባሌን ስልክ፣ በረንዳውን። እየጻፈ አንዳንዴ ቀና ብሎ ያየኛል። ሲጨርስ አነበበልኝ። "…መኪናው ላይ የነበረውን ጉድለት ከአደጋው በኋላ ተረድቻለሁ" ይላል።

"እሱ ልክ አይደለም" አልኩት።

"የቱ?"

"ከአደጋው በኋላ አይደለም። ቤቴ ሆኜ ነው ያወቅኩት። ሲሬ ላይ አውቅ ነበር። መኪናው ውስጥ ስገባም አውቅ ነበር።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እናቴ፣ ሰምቻለሁ። ለእርስዎ ብዬ ነው እንዲህ ያደረግኩት። ይሄ ከተጻፈ እርስዎንም ያስጠይቅዎታል። ለዋቅጅራ መለቀቅ እኮ ይሄኛው ይበቃል።"

"ሰርዘውና ጻፈው።"

ትንሽ ጠበቀኝ፤ ሐሳቤን የምቀይር መስሎት። ከዚያ ሰርዞ ጻፈው። እንደገና አነበበልኝ። ከስሩ ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።